ላፕቶፑ ዋይፋይ እምቢ ሲል፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

(በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ወደ መድረክ ሲወጣ ሁልጊዜ ቁጥር ይዞ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ቀደም ብሎ ስለታደላችሁ ዛሬ ቁጥር አናነብላችሁም። ይልቁንም ያ ሪፖርት እጃችሁ ሳይገባ ሊቀር የተቃረበበትን አንድ ቅዳሜ እንነግራችኋለን። የምንነግራችሁ ለወሬ ያህል አይደለም። ብዙዎቻችሁ ቤት ዛሬ ዋይፋይ አለ፤ የልጆች ላፕቶፕም አለ። የእኛ ላይ የደረሰው ነገ እናንተ ቤት ቢደርስ ምን እንደምታደርጉ እንድታውቁ ነው።

ቀኑ ሐምሌ 20 ነበር። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። የዓመቱ ማጠቃለያ ለደጋፊዎቻችንና ለኦዲተሩ በኢሜይል መድረስ የነበረበት ሰኞ ሐምሌ 22 ነው። ቢሮአችን ኢንተርኔት ስለሌለው፣ እንደ ወትሮው ላፕቶፑን ይዘን ገንዘብ ያዣችን ቤት ሄድን። እሳቸው ቤት ዋይፋይ አለ። ሦስት ነበርን፤ ገንዘብ ያዣችን፣ ጸሐፊያችንና የሒሳብ ሠራተኛዋ። «ፋይሉን እንልካለን፣ ቡና ጠጥተን እንሄዳለን» ብለን ነበር የተቀመጥነው።

ላፕቶፑ ግን እምቢ አለ። የቤቱን ዋይፋይ ስም ያሳያል፤ ስንነካው ትንሽ ያስብና «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ስልኮቻችን ግን በዚያው ዋይፋይ ይሠራሉ። አጥፍተን አበራን። ደግመን አጥፍተን አበራን። አንዷ አንድ ቁልፍ ስትነካ ሌላዋ ሌላ ትነካለች። እንዲህ ሁለት ሰዓት ሙሉ አለፈ። በመጨረሻ ምን እንደነካንና ምን እንዳልነካን እንኳ የሚያስታውስ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን እንናገረዋለን። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለን በዝናብ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠን። ጥቂት አየት አየት አደረገና «እህቶቼ፣ ሲስተሙ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም። 1,500 ብር ነው፤ ማታ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ» አለን። ሦስታችንም ተስማማን። ገንዘብ ያዣችን ቦርሳቸውን ከፍተው ነበር።

«ውስጡ ያለው ፋይልስ?» ብለን የጠየቅነው በር ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

«ይጠፋል እንጂ! ኮፒ አላችሁ አይደል?» አለ።

ኮፒ ነበረን፤ የመጋቢት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የገባው ቁጠባ፣ የተሰጠው ብድር፣ የተመለሰው ብድር፣ ወለዱና ቅጣቱ በሙሉ ያለው በዚያ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንጀራ ጋግራ በየሳምንቱ 50 ብር የምታስቀምጥ አለች። ጉሊት ውላ ማታ ማታ ብድሯን የምትከፍል አለች። ቁጠባውን ከእናንተ ደብተር ላይ መልሰን መልቀም እንችል ነበር፤ ደብተር ይዛችሁ በመኖራችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። የብድሩን ወለድና ቀሪ ግን ከደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ ለማስላት ሳምንታት ይወስድብን ነበር። በዚያ መካከል አንዷ «እኔ ከፍያለሁ»፣ እኛ «አልተመዘገበም» ብንባባል፣ ማኅበሩን ያቆመው መተማመን ምን ይሆን ነበር? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እኛ ላይ ሊደርስ አንድ ደቂቃ ነበር የቀረው። ላፕቶፑን ተቀብለን፣ ልጁን አመስግነን ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ወደ ሙያችን ተመለስን። ሒሳብ አልመጣጠን ሲል የሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን አታቃጥልም። ለሁለት ትከፍለዋለች፤ «እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው?» ትላለች። ትክክል ከሆነ ያን ትታ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ላፕቶፑንም እንደዚያው አደረግነው።

ኢንተርኔት ላፕቶፕ ላይ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ያልፋል። አንደኛው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ነው። ሁለተኛው ራውተሩ፣ ማለትም መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚለው ሳጥንና በአየር ላይ የሚለቀው ዋይፋይ ነው። ሦስተኛው ራሱ ላፕቶፑ ነው። ችግሩ ከሦስቱ የትኛው ላይ እንዳለ ሳያውቁ ቁልፍ መነካካት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ መስመሩን ፈተንን። የአንዷን ስልክ የሞባይል ዳታ አጠፋን። ይህን አትርሱ፤ ዳታው ካልጠፋ ስልኩ በዋይፋይ ይሥራ በካርድ አይታወቅም። ዳታው ጠፍቶም በዋይፋዩ ገጽ ከፈተ። ስለዚህ መስመሩ ደኅና ነው፤ ራውተሩም ይሠራል። ሁለቱን ሰረዝናቸው።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ፈተንን። ስልኩ ላይ ሆትስፖት ከፍተን ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኘነው። ወዲያው ተቀበለ፤ «ተገናኝቷል» አለ። እንግዲህ የላፕቶፑ ዋይፋይ መቀበያ አልተበላሸም ማለት ነው። የስልኩን ተቀብሎ የቤቱን የማይቀበልበት ምክንያት ምንድን ነው? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ ፓስወርዱ። የስልኩን አሁን ጻፍንለት፤ የቤቱን ግን ግንቦት ላይ የያዘውን ነው የሚጠቀመው።

ይህን ስንነጋገር የገንዘብ ያዣችን ልጅ ከጓዳ ሰማን። «እማ፣ ፓስወርዱን እኮ ሰኔ ላይ ቀይሬዋለሁ! የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ገብተውበት እየዘገየ ነበር። ያንቺ ስልክ ላይ ራሴ አስገባሁልሽ» አለ። እኔና ጸሐፊዋ ሳንባባል ሁላችንም ተያየን። የእኛንም ስልኮች ያስገባልን እሱ ነበር። ላፕቶፑ ብቻ የድሮውን ቁልፍ ይዞ አዲስ በር ያንኳኳል። ዋይፋዩን ስሙ ላይ ሄደን «ፎርጌት» የሚለውን ነክተን አስረሳነው፤ አዲሱን ጻፍን፤ ተገናኘ። ገንዘብ ያዣችን እልል አሉ። ቡናው ተጣደ።

ኢሜይሉን ስንከፍት ግን አይከፈትም። ቀይ ምልክት ያለው ገጽ መጥቶ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ሌላ ገጽ ሞከርን፤ እንደዚያው። በስልኩ ሆትስፖት ሞከርን፤ አሁንም እንደዚያው። እልልታው ቆመ። ጸሐፊያችን «ፓስወርዱ አልነበረም ማለት ነው፤ ልጁ ያለው ይሻለናል፤ ፎርማት ይደረግ» አለች።

እዚህ ላይ ቆም በሉልን። ከዚያ ቀን ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይኼ ነው። ሒሳብ ስንዘጋ አንድ ስህተት አግኝተን እናርማለን፤ ግን አሁንም አይመጣጠንም። ያን ጊዜ ጀማሪ የሆነች «ያረምኩት ስህተት አልነበረም» ብላ መልሳ ታበላሸዋለች። የቆየች ግን ታውቃለች፤ ስህተቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ታርሟል፤ ቀሪውን መፈለግ ነው። ላፕቶፑ ጠዋት ከዋይፋዩ ጋር አልገናኝም ይል ነበር፤ አሁን ተገናኝቷል፤ ገጽ ግን አይከፍትም። ጥያቄው ተቀይሯል። በስልኩ ሆትስፖትም ገጽ ስላልከፈተ፣ ሁለተኛው ስህተት ራውተሩ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያውን እስከ መጨረሻው አነበብነው። በትንሹ የተጻፈው ላይ ስለ ሰዓትና ቀን ይናገራል። ወደ ላፕቶፑ ጥግ አየን። ዓመቱ 2016 ይላል።

ለእኛ ትክክል ነው፤ 2016 ነበርና። ለላፕቶፑ ግን አይደለም። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በዚያ ደግሞ ዓመቱ 2024፣ ቀኑ ጁላይ 27 ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ቢሮ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የላፕቶፑ ባትሪ እስከ መጨረሻው አለቀ። ላፕቶፕ ውስጥ ሰዓቱን የሚጠብቅ ሳንቲም የሚያክል ሌላ ትንሽ ባትሪ አለ፤ የእኛው ስላረጀ ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጠዋት ስናበራው ጸሐፊያችን የተሳሳተ ቀን አየችና በቅንነት አስተካከለችው፤ ሐምሌን ጁላይ፣ ቀኑን 20፣ ዓመቱን 2016 አለችው። በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ከአንድ ሳምንት ወደ ኋላ ወሰደችን።

ቀኑ ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል። ኢሜይልም ሆነ ባንክ፣ እያንዳንዱ የተጠበቀ ገጽ ሲከፈት ለላፕቶፑ ማንነቱን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት ያሳያል። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለ። ላፕቶፑ «ዛሬ 2016 ነው» ብሎ ስላመነ፣ 2024 የሚጀምር ሰርተፍኬት ሲቀርብለት «ቀኑ ገና ነው» ብሎ አይቀበልም። ገንዘብ ያዣችን ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ቢመጣላቸው ይከፍላሉ? አይከፍሉም። ላፕቶፑም ሥራውን ነው የሠራው። ስልኮቹ ቀኑን ራሳቸው ከኔትወርክ ስለሚወስዱ ነው ያልተቸገሩት።

ዓመቱን 2024፣ ቀኑን ጁላይ 27 አደረግነው። ኢሜይሉ ተከፈተ። ሪፖርቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሄደ።

ጸሐፊያችን አለቀሰች። «ሁለት ሰዓት ያደከምኳችሁ፣ ፋይሉንም ላስጠፋ የነበረው እኔ ነኝ» አለች። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ እሷው ናት «ንገሩት» ያለችን፤ ስለዚህ በእሷ ፈቃድ ነው። ያልናትን ለእናንተም እንላለን፤ ቀኑን በራሳችን አቆጣጠር መጻፍ ነውር አይደለም፤ ማሽኑ አያውቀውም እንጂ። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ከመጋቢት ወዲህ ኮፒ ያላደረግነው ሁላችንም ነን። ፋይሉ ላይ ጥገና ቤት ድረስ ሳንጠይቅ የሄድነውም ሁላችንም ነን። «ማሽን የእኛ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ይንካው» የሚል ፍርሃት ነው እዚያ የወሰደን።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንስጣችሁ። ከጋዜጣችን ላይ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

አንደኛ፣ በዚያው ዋይፋይ ስልክ ይሠራል ወይ? የሞባይል ዳታውን አጥፍታችሁ ፈትኑ። ስልኩም ካልሠራ ላፕቶፑን ተዉት። ራውተሩን ከመብራት ንቀሉ፣ እስከ 30 ቁጠሩ፣ መልሳችሁ ሰኩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ወርሃዊ ክፍያው ተከፍሎ እንደሆነም እዩ።

ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ ዋይፋይ በርቷል ወይ? የአውሮፕላን ምልክት ካያችሁ አጥፉት። ኪቦርዱ ላይ የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበት ቁልፍ ሳይታወቅ ይነካል። በቆዩ ላፕቶፖች ጎን ላይ ደግሞ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ።

ሦስተኛ፣ የቤታችሁን ዋይፋይ ስም ያያል ወይ? የጎረቤትን አይቶ የእናንተን ካላየ ወደ ራውተሩ ቅረቡ፤ ወፍራም ግድግዳ ያዳክመዋል። ቅርብም ሆኖ ካላየ፣ ራውተሩ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እየለቀቀ ይሆናል፤ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዙን ብቻ ነው። ራውተሩ ላይ 2.4ቱም እንዲበራ አድርጉ።

አራተኛ፣ ስሙን አይቶ እምቢ ካለ ዋይፋዩን አስረሱትና ፓስወርዱን እንደ አዲስ ጻፉ። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያያል። ኪቦርዱ በአማርኛ ላይ ቆሞ እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። ቤት ውስጥ ፓስወርድ የቀየረ ሰው ካለ ጠይቁ፤ እኛ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን ይህን ነው።

አምስተኛ፣ ተገናኝቶ ገጽ ካልከፈተ ቀኑን፣ ከሁሉ በፊት ዓመቱን እዩ። ቀኑ ትክክል ከሆነ ላፕቶፑንም ራውተሩንም አጥፍታችሁ አብሩ። ዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ከ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ፣ ላፕቶፑ ከራውተሩ የሚሰጠውን አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይኸው ማጥፋትና ማብራት ይፈታዋል። ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ግን «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚለውን አትንኩ። በተለይ የባንክ ገጽ ላይ በፍጹም። ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ።

ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርኩን ብቻ እንደ አዲስ የሚጀምር ምርጫ አለ። የተያዙ የዋይፋይ ፓስወርዶችን ያጠፋል፤ ፋይላችሁን ግን አይነካም። ከፎርማት በፊት ይህ ይቀድማል።

ሰባተኛ፣ ሥራው አስቸኳይ ከሆነ ስልኩን ቻርጅ በምናደርግበት ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ አካፍሉ። የላፕቶፑ ዋይፋይ ፈጽሞ ቢበላሽ እንኳ በዚህ መንገድ ደብዳቤ ይላካል።

ስምንተኛና የመጨረሻው፣ ወደ ባለሙያ መሄድ ነውር የለውም። ግን ፋይሉን ሳትገለብጡ ላፕቶፕ ከቤት አይውጣ። ባለሙያውንም ከዋጋው በፊት «ፋይሌ ይነካል ወይ?» በሉት።

በሒሳብ ክፍሉ በኩል ሦስት ነገር ጀምረናል። በየዓርቡ መዝገቡን በሁለት ፍላሽ እንገለብጣለን፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ገንዘብ ያዣችን ቤት ይቀመጣል። ላፕቶፑ ክዳን ላይ የዓመቱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን ለጥፈናል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ሦስታችንም ያለ አንዳችን እርዳታ እስክንሠራው ተለማምደናል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለን። የዛሬ ወር «ላፕቶፓችን ስለተበላሸ አዲስ ትሰጡን ዘንድ» የሚል ደብዳቤ ልንጽፍላችሁ ተነጋግረን ነበር። አልጻፍነውም። የሰጣችሁን ላፕቶፕ ደኅና ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ብቻ ነበረች፤ ገዝተን አስቀይረናል። ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ።

ለእናንተ ለአባላቱ ደግሞ፤ የቁጠባ ደብተራችሁን አትጣሉ። ማሽን ቢኖረንም ደብተሩ ምስክራችን ነው። ላፕቶፕ ቤታችሁ አስቸግሯችሁ ከሆነ፣ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ እዚሁ እንቆያለን፤ ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።